የአርብ ከሰል

ሦስተኛው ናሙና መበላሸቱን ሔራን ያወቀችው ሰኞ ጠዋት ነው። ወዲያው ያሰበችው አቶ መንገሻን ነበር። በሐሳቧ አፈረች።

ሔራን አርሊንግተን ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሥራዋ ከሰል ማጽዳት ነው። የከሰል ዱቄት ገጽ ላይ ኦክስጅን ተጣብቆ ይኖራል፤ በዘጠኝ መቶ ዲግሪ ሲጋል ይለቃል። ችግሩ፣ የተራቆተው ገጽ አየር እንዳገኘ ኦክስጅኑን መልሶ መያዙ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ሃይድሮጅን ይለቀቅበታል። ሃይድሮጅኑ ባዶውን ቦታ ይሞላና ከሰሉ እንደጸዳ ይቆያል።

ሔራን ከሰዓት በኋላ የሃይድሮጅኑን ሲሊንደር ትከፍታለች፣ ምድጃውን ታስነሳለች፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ቤቷ ወዳለበት ወደ ዋይሊ ትነዳለች። የቀረው የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ክፍት ከሆነ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሃይድሮጅኑን ራሱ ያስገባል።

የተበላሹት ሦስቱም የአርብ ነበሩ። ሃይድሮጅን የሚባል ነገር አልደረሳቸውም፤ ሰኞ ስትመጣ ሲሊንደሩ ተዘግቶ ነበር የምታገኘው። ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ ከተደገመ ፕሮጀክቱን ለሌላ ተማሪ እንደምትሰጥ ነገረቻት።

አቶ መንገሻ ለላቦራቶሪዎቹ ሲሊንደር የሚያመላልሱና የሚቀይሩ ሠራተኛ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ሔራንን በልጅነቷ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምረዋታል። በየማምሻው ሲሊንደሮቹን ዞረው ያያሉ። አርብ ግን ለጸሎት ፕሮግራም ተጣድፈው፣ ሳይዞሩ ቀደም ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ስትወጪ አትቸኩዪ፤ ዞር ብለሽ እዪ» አሏት። የሽማግሌ ምክር መስሏት «ኦኬ ጋሼ» ብላ አለፈች።

ደግሞ ሔራንን ግድየለሽ የሚላት የለም። እናቷ የሺሐረግ አዲስ አበባ ሳሉ በቡታጋዝ ነበር የሚያበስሉት፤ ፍርሃቱን ለልጃቸው አውርሰዋታል። የዋይሊው ምድጃ ኤሌክትሪክ ሆኖም፣ እናትና ልጅ ቁልፎቹን ነክተው መዘጋታቸውን ሳያረጋግጡ ከቤት አይወጡም።

ማክሰኞ ሔራን የቤት ቁልፏን ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። አቶ መንገሻ እጃቸው የሃይድሮጅኑ ሲሊንደር ላይ ነበር። ሲያዩዋት ደንገጥ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የዚያ ቀን ናሙና ደህና ወጣ። ስለደረስኩባቸው ነው ብላ አሰበች።

ሐሙስ ለፕሮፌሰሯ ነገረቻት፤ አቶ መንገሻ ተጠሩ። ሔራን ወለል ወለሉን እያየች ቆመች። ሲሊንደሩን ነክተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ነክቻለሁ አሉ። ለምን ሲባሉ ሔራንን አንዴ አይተው ዝም አሉ። ሲወጡ በአማርኛ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን ጨርሺ» አሏት። ቢሰድቧት በቀለላት ነበር።

የሌላ ሰው ሙከራ ያለ ፈቃድ መንካት ከሥራ ያስወጣል። አቶ መንገሻ በዚያው ዕለት ተሰናበቱ። አርብ ምድጃው ሥራ ፈትቶ ዋለ፤ ፕሮፌሰሯ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው ብላ ከሲሊንደሩ በላይ ካሜራ አስተከለች።

እሑድ አቶ መንገሻ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘረጉላት። ጨበጠቻቸውና መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ትክክል እንደሆነች እርግጠኛ ናት፤ እፍረቱ ግን አልለቅ አላት።

«ሶ፣ ያየሁትን ከተናገርኩ ለምንድነው የማፍረው?» አለቻቸው እናቷን።

«ትልቅ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ለብቻቸው ብታናግሪያቸው ምን ነበረበት?» አሏት።

ሰኞ አዲስ ከሰል አስገባች። ማክሰኞ ጠዋት ሲለካ ኦክስጅኑ ተመልሷል፤ ናሙናው እንደ አርቦቹ ተበላሽቷል። ሔራንና ፕሮፌሰሯ የካሜራውን ቪዲዮ ከፈቱ።

በቪዲዮው ላይ ሔራን ምድጃውን አስነስታ ቦርሳዋን አነገተች። ዓይኗ ስልኳ ላይ እንዳለ፣ ወደ በሩ ስታልፍ ቀኝ እጇን ዘርግታ ሲሊንደሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ማንም መጥቶ አልከፈተውም።