ሁለት ጆግ ውሃ

የውጭ ገዢዎች «ጣዕም የሚያውቅ ሰው የነካውን ጭነት አንቀበልም» ካሉ ወዲህ፣ በኤርፖርቱ ማቀዝቀዣ ቤት የሚቀጠር ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ጣዕም እንዳይለይ ምላሱ ይዘጋ ነበር። አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትጎድል ነው። የሺመቤትም ሰባት ዓመት ሙሉ እንጆሪውን ስትደረድር፣ የበጉን ሥጋ ስትጠቀልል፣ ለአውሮፕላን ስታስረክብ ኖረች።

ዛሬ ኮንትራቷ አለቀና ምላሷን ከፈቱላት። ቤቷ እንደገባች ወደ ማድቤት ሮጠች። ጠዋት የሠራችውን ሽሮ በጭልፋ ጨለፍ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ላሰችው።

ጨው ነው። ጨው ብቻ።

«ናርዶስ! ማነው ጨው የጨመረበት?» ብላ ልጇን ጠራች።

«ማንም አልጨመረ። ሁሌም እንዲሁ ነው፣ እማዬ።»

የሺመቤት ባሏ ደሳለው ትዝ አላት። ባለፈው ዓመት ደም ግፊት ጥሎት እስኪሞት ድረስ ሁለት ጆግ ውሃ ካልቀረበለት እህል አይቀምስም ነበር። «ግመል!» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ሳይል ከገበታ ተነሥቶ አያውቅም።

«ምነው ታዲያ ዝም አላችሁኝ?»

«አባዬ ነው እንዳትነግሪያት ያለኝ። ‹ምላሷን ወስደውባታል፤ ሙያዋን ደግሞ እኛ አንውሰድባት› አለኝ።»

የሺመቤት ሽሮውን በሳህን አወጣችና ደሳለው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ናርዶስ ሁለቱን ጆግ ሞልታ አጠገቧ አኖረችላት። የሺመቤት ግን ሳህኑን ጠራርጋ እስክትጨርስ ድረስ ውሃውን አልነካችውም።