የላስታው አናቂ

ሻምበል አራጋው በግንቦት መጨረሻ ላሊበላ ሲደርስ ሟቾቹ አሥራ አራት ነበሩ። ሁሉም የተገኙት ከገነተ ማርያም በሚያመጣው መንገድ ዳር ነው። የጤና ረዳቱ ሪፖርት እንደሚለው በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ገመድ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳዩን ያልሰማ አልነበረም። አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሪፖርቶቹን እየተከታተለ ያትማል፤ ገዳዩንም «የላስታው አናቂ» ብሎ ሰይሞታል። ጋዜጣው ጠዋት ወጥቶ ለምሳ አይደርስም። አንባቢዎች ግምታቸውን በደብዳቤ ይልካሉ። አንድ የሒሳብ መምህር ገዳዩ ግራኝ መሆኑን በሁለት ገጽ አስረድተዋል። አንዲት ሴት ደግሞ የገዳዩ ፎቶግራፍ ከተገኘ እንዲላክላት ጠይቃለች።

ሻምበሉ ውጭ አገር ሁለት ዓመት የተማረው ይህንኑ ነው፤ ከአገዳደሉ ተነሥቶ የገዳዩን ማንነት መሳል። መቃብር ይከፈት እንደሆነ ሲጠየቅ አያስፈልግም አለ። ሬሳ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው፤ እሱ የሚያነበው ወረቀት ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሦስት ወር ተኩል ቀርቷል፤ ገዳዩ ከዚያ በፊት እንዲያዝ ታዟል። ለአሰሳ ሦስት መቶ ሚሊሺያ ተመድቦለት፣ የሦስት ወር ስንቁን በአሥራ ሁለት መኪና ጭኖ ወልድያ ላይ ትእዛዝ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ያነጋገረው የአሥራ አራተኛውን ሟች የአቶ ፈንታውን ሚስት፣ ወይዘሮ ገለቴን ነው።

«ባለቤትዎ ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላትማ ማን የሌለው አለ፣ ጓድ ጌታዬ።»

«‹ጓድ› ብቻ ይበቃል።»

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።»

«ወዴት ይሄዱ ነበር?»

«ወደ ላሊበላ።»

«ለምን?»

«ሰው ሁሉ ሲሄድ ጊዜ።»

«ገመዱን አይተውታል?»

«እሱን ሐኪሙን ይጠይቁት። የተማረ እሱ ነው።»

የሌሎቹም ሟቾች ዘመዶች እንዲሁ መለሱ። ገመዱን ያየ የለም፤ ሐኪም የሚሉት የጤና ረዳቱ ግን ያውቃል።

ሻምበሉ ቢሮ ዘግቶ ሦስት ቀን ጻፈ። «ዕድሜው ከሠላሳ እስከ አርባ። ብቻውን ይኖራል። የተማረ ነው። ቋጠሮ ያውቃል። የሚመርጠው ሽማግሌዎችን፣ ሕፃናትንና እናቶችን ነው። አይዘርፍም። ሟቾቹ ያምኑታል። ስለ ሥራው ሲጻፍ ማንበብ ይወዳል።»

ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። የጤና ረዳቱ ምስጋኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከክሊኒኩ ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ቁስል ጠቅልሎ ሲቋጥር ከፍጥነቱ የተነሣ ጣቶቹ አይታዩም።

ቤቱ ተፈተሸ። ከአልጋው ሥር ጋዜጦቹ በተራ ተደርድረው ተገኙ። ከጋዜጦቹ ሥር የአሥራ አራተኛው ሪፖርት ረቂቅ ነበር። አቶ ፈንታው የሞቱት ሐሙስ ነው። ረቂቁ የተጻፈው ሰኞ ነው።

«ሐሙስ እንደሚሞቱ ሰኞ ዕለት በምን አወቅህ?» አለው ሻምበሉ።

«አይቻቸው ነበር።»

«መርጠሃቸው ነበር ማለት ነው።»

ምስጋኑ ዓይኑን ወደ ረቂቁ መለሰ።

«ለምን ትጽፋለህ? ዝም ብለህ ብትገድል ኖሮ የሚደርስብህ አልነበረም።»

«ከነዚህ በፊት አሥራ አንድ ሌላ ሪፖርት ጽፌ ነበር፣ ጓድ ሻምበል። ያነበበው የለም።»

ሻምበሉ «መታወቅ ይፈልጋል» ብሎ በወረቀቱ ዳር ጻፈ። ደስ ብሎታል። የተማረበት መጽሐፍ ምዕራፍ ስድስት ላይ ልክ ይህንኑ ይላል።

«ቅጣቱን ታውቀዋለህ?»

«ጥይት ነው።»

«ታምናለህ?»

«አምናለሁ። አሥራ አራቱንም።» ስሙን የተጠየቀ ያህል ነበር አመላለሱ።

«እንግዲያው ሥራችን አልቋል። መኪኖቹ ከወልድያ ይመለሱ።»

ምስጋኑ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው። ከወንበሩ ተነሣ።

«አይመለሱ! ብቻዬን አይደለሁም።»

«ግብረ አበር አለህ?»

«ሞልቷል።»

«ሦስት መቶ ሰው የሚያስፈልገው ያህል?»

«ሦስት መቶ ምን አላት! አገሩ በሙሉ ነው።»

ሻምበሉ አዲስ ወረቀት አወጣ።

«የተያዘ ሰው ይበላል?» አለ ምስጋኑ።

«የእስረኛ ቀለብ ከጦሩ ስንቅ ይሰጣል። ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ጫካ ለጫካ አይድከሙ። እጃቸውን ይሰጣሉ።»

መኪኖቹ ይምጡ ብሎ ወደ ወልድያ በሬዲዮ የተናገረው ሻምበሉ ራሱ ነው። መኪኖቹ ቅዳሜ ገቡ። ቀድሞ በተራገፈው መኪና ምስጋኑ የፊጥኝ ታስሮ ወደ ደሴ ተላከ። መኪናው ኩርባውን እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኑን ከሚወርደው ኩንታል ላይ አላነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተለፈፈ፤ ከአናቂው ጋር የተባበረ ሁሉ በፈቃዱ እጁን ይስጥ፣ ለፍርድ እስኪቀርብ ድረስ በጣቢያው ግቢ በቀለብ ይቆያል።

ሰኞ ማለዳ ሻምበል አራጋው በሩን ከፈተ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ቁልቁል ወደ ገነተ ማርያም መንገድ ይወርድ ነበር። ቄሶች ነበሩበት። በቃሬዛ የመጡ ነበሩበት። ሻምበሉ ስለ እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈ ምዕራፍ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ብዕሩን ከፈተ።

ከሁሉ ፊት የቆመችው ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ነበረች።

«ስም?»

«አገሬ።»

«ማንን ገደልሽ?»

«ሁለቱን ልጆቼን» አለችና ያዘለቻትን አውርዳ ታቀፈቻት፤ «ይቺ ብቻ ቀርታለች። እህሉ በየት በኩል ነው የሚሰፈር?»