ጾመኛ የሚለው ሳጥን

ሰላማዊት ለክሊኒኩ ማእድ ቤት የሠራችውን ፕሮግራም በላፕቶፕ ይዛ፣ ከነርሷ ጋር በየአልጋው እየዞረች የሕሙማኑን ምግብ ትመዘግብ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ «ጾመኛ» የሚለው ሳጥን ለሁሉም ራይት ተደርጎበት እንዲመጣ አድርጋዋለች።

ከእብናት ከመጡ አንድ አዛውንት ዘንድ ሲደርሱ ነርሷ ወተት የያዘ ብርጭቆ አሳየቻቸው። «አባቴ፣ ሐኪሙ ይጠጡ ብሏል። ጾመኛ የሚለውን እናጥፋልዎ?» የንስሐ አባታቸው እንኳ ፈቅደውላቸው ነበር። አዛውንቱ ግን አልጋቸውን የከበቡትን የአገራቸውን ሰዎች አዩና «ኧረ እኔስ እጾማለሁ» አሉ። ዓይናቸው ከብርጭቆው ላይ አልተነሣም።

ሰላማዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፕሮግራሙን አስተካከለች። ሳጥኑ ለታመመ ሰው ሁሉ ባዶ ሆኖ እንዲመጣ አደረገችና የአዛውንቱን ስም እንደ አዲስ አስገባች። ከዚያ ጠያቂዎቹ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ኮምፒውተሩ ወተት ብሎ ይዞልዎታል። አልፈልግም ካሉ ልቀይረው» አለቻቸው።

አዛውንቱ ዞር ብለው ጠያቂዎቻቸውን አዩ።

«እሱ አንዴ ከያዘውማ ምን ይደረጋል፣ ልጄ» አሉና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።