የከብት ነጂዎች መንገድ

ገረይንት ከሚኖርበት ከካርዲፍ ከተማ ተነስቶ ወላጆቹ ቤት ሲደርስ መሽቶ ነበር። በቤቱ አንድም መብራት አይታይም። ተኝተው ይሆናል ብሎ ቀስ ብሎ ገባ። እናቱ ሜና ግን ወጥ ቤት ተቀምጣ ሬዲዮ እየሰማች ካልሲ ታጥፋለች። መብራቱን ያበራው እሱ ነው።

"ምነው በጨለማ?"

"ለሁለት ሽማግሌ መብራት ምን ይሠራል?" አለችና ተነስታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ጉንጩንና አገጩን ዳበሰች። "ከስተሃል ልጄ። ካርዲፍ ውስጥ ምግብ የለም እንዴ?"

አባቱ ኢድዋል ከፎቅ ወርዶ አየውና፣ "መካኒኩ መጣ?" አለ።

ገረይንት የመጣው ለዚሁ ነበር። ኢድዋል ነገር ይጠፋበት ከጀመረ ሰንብቷል። ልጁን አንዴ መካኒክ፣ አንዴ ቄስ ያደርገዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጎረቤት ደውሎ፣ "እናትና አባትህ ሌሊት ሌሊት በዚያች አሮጌ ላንድሮቨር ተራራው ላይ ሲዞሩ ያድራሉ፤ ኋላ እንዳትጸጸት" አለው። ገረይንት እንቅልፍ አጣ። አባቴ እናቴን ይዟት ገደል ይገባል ብሎ ፈራ። ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ለአባቱ ቦታ ያዘለት። ማክሰኞ ይወስደዋል። የቀረው ለእናቱ መንገር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአፉ አልወጣ አለው።

"ሌሊት ትወጣላችሁ አሉ" አለ በመጨረሻ።

"እንቅልፍ እምቢ ሲለው እንወጣለን። መንገዱ ላይ ልቡ ይመለሳል። ደግሞ ሌሊት ማን ይመጣብናል? ከፈለግክ ና፣ አብረኸን ውጣ።"

ሁለቱ በወጣትነታቸው የሌሊት የመኪና ውድድር ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ሚስት ሹፌር፣ ባል ካርታ አንባቢ መሆናቸው የመንደሩ መሳቂያ ነበር። ዋንጫውን ይዘው ሲመጡ ሳቁ ቆመ። የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው፤ ካርታ የያዘው ይናገራል፣ መሪ የያዘው አይከራከርም።

ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ኢድዋል ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ወጡ። ገረይንት ከኋላ ተቀመጠ። አባቱ የታጠፈ ካርታ ጭኑ ላይ አደረገ፤ እጁን ዘርግቶ የመኪናውን መብራት አበራና፣ "ንጂ" አላት።

የጥንት ከብት ነጂዎች የሄዱበት መንገድ ነው፤ በሁለት ወገን አጥር የዋጠው፣ የጎማ ቦይ የወጣለት፣ ጭቃና ድንጋይ። ሜና መስኮቷን እስከ ታች ከፍታለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

"እማ፣ ዝጊው እንጂ።"

"ተወው፣ መንገዱን ልስማው።"

"ግራ፣ ቀስ በይ" ይላል ኢድዋል። "ድንጋይ በቀኝ። አሁን ቀጥ። ውሃው ዝቅ ብሏል፣ በመሀሉ ግቢ።" ካርታውን አንዴም አላየውም። የልጁን ስም የረሳ ሰው እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃታል። ገረይንት ተገረመ፤ ከመገረሙም በላይ አዘነ።

ከጫካው ሲወጡ ኢድዋል በድንገት፣ "ቁሚ!" አለ።

ሜና ቆመች።

"ኢቮር ነው። መሀል መንገድ ቆሟል።" ኢድዋል ለጥንት ጓደኛው ኮፍያውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

የመኪናው መብራት እርጥብ ሣርና ባዶ መንገድ ያሳያል።

"እማ፣ ማንም የለም።"

"አባትህ አለ ካለ አለ።"

"ኢቮር እኮ ሞቷል። ሬሳውን የተሸከምነው እኛ ነን።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም አልገጨውም።"

ሞተሩ እያጓራ ጠበቁ። አጥሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ በግ ይሁን ሌላ፣ ገረይንት ዞሮ ማየት አልፈለገም። ኢድዋል ሟቹን በዓይኑ ሸኘውና፣ "አለፈ፤ ንጂ" አለ።

ከዚያ ገደሉ ጀመረ። በቀኝ በኩል ከታች ወንዙ ይሰማል። እዚያ ላይ ኢድዋል ዝም አለ። አፉን ከፈት አድርጎ ጨለማውን ያያል፤ የት እንዳለም የሚያውቅ አይመስልም።

ሜና ፍሬኑን ረግጣ ቆመች። "ኢድዋል?"



"ሂጂ እማ" አለ ገረይንት። "መንገዱ ይኸው ፊትሽ ነው።"

"ሹፌር የሚሰማው የካርታውን ሰው ነው።"

ጆሮዋን ወደ ባሏ አዘንብላ፣ መሪውን እንደጨበጠች ጠበቀች። ገረይንት ከኋላ ወደ ፊት ተጠግቶ አያት። ያበቃለት ሰው ልብ እንዳይሰበር ብላ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ የጥንት ጨዋታ ትጫወትለታለች። ከዚህ ሰው ሳላላቅቃት ብሄድ ሬሳዋን ነው የማነሳው አለ በልቡ።

ቆይቶ፣ "ገደል በቀኝ" አለ ኢድዋል። "ግራውን ይዘሽ፣ ቀስ፣ ቀስ።"

ሜና በረጅሙ ተንፍሳ ነዳች።

ተራራው ጫፍ ሲደርሱ ሰማዩ ነጣ ብሎ ነበር፤ እዚያ የብረት በር አለ። ኢድዋል ሊከፍት ወረደና ከሰንሰለቱ ጋር ይታገል ጀመር። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ፤ ገረይንት ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም።

"እማ፣ ለአባዬ ቦታ አግኝቼለታለሁ። ማክሰኞ እወስደዋለሁ። አንቺም ታርፊያለሽ።"

በዚህ መካከል ፀሐይ ከወዲያኛው ተራራ ጀርባ ብቅ አለችና ፊት ለፊት መጣችባቸው። ኢድዋል በሩ ላይ ሆኖ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ገረይንት ፊቱን በመዳፉ ከለለ።

ሜና ዓይኖቿን እንደከፈተች ፊቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ፀሐይዋ ትመለከታለች።

"እሺ ልጄ" አለች። "ሲነጋ እናወራበታለን።"