እትዬ ሳትወጣ

«አሁን ቀኝ እግራችንን እናነሳለን» አለ አሠልጣኙ። እሷ ግራዋን አነሳች።

«ቀኝ!» አለቻት እትዬ ከጎኗ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። «ቀኝና ግራም እኔው ላስተምርሽ?»

እግሯን ቀየረች። በሩ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው አርባ ዲግሪ ላይ ተለቆ፣ ሃያ ሰው ላቡን እያንጠባጠበ በአንድ እግሩ ቆሟል። ከፍሎ የሚቀቀል ሰው በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። እሷም ላውንድሪ ቤት የእንፋሎት ካውያ ፊት ሃያ ዓመት ተቀቅላለች፤ የእሷ ግን ቢያንስ ደመወዝ አለው።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ፊት ለፊት አንቱ ትላታለች፤ በሆዷ ግን አንቱታውን ካነሳችባት ሰባት ወር ሆኗታል፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ። ሰባት ወር ሙሉ እትዬ በየዘመዱ ቤት እየዞረች «የወንድሜ ነፍስ ስትወጣ እሷ የሰው ሸሚዝ ትተኩስ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንባ አላየሁባትም» ስትል ከረመች። ባለፈው እሑድ ደግሞ ለወገቧ ወደምትመላለስበት ወደዚህ ዮጋ ቤት በሰው ፊት ጋበዘቻት። «ነይ እስቲ፣ በዓይንሽ እምቢ ያለው በላብሽ ይውጣ። ለነገሩ አሥር ደቂቃም አትቆዪም!» እልህ ምላጭ ያስውጣል። «እርስዎ ሳይወጡ አልወጣም» አለችና መጣች።

ሙቀቱስ የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ያስቸገራት ጉልበቷ ነው። ከፊቷ የነበረው ባለ ጡንቻ ሰውዬ ምንጣፉን ጥሎ እየተንገዳገደ ወጣ። ደስ አላት።

«ደከመሽ?» አለች እትዬ።

«ፊትዎ የቀላው እርስዎ ነዎት።»

«እኔን ተይኝ። አንቺ እንደሆን ጥሎ መሄድ ታውቂበታለሽ።»

ይህቺ ከማሞቂያው በላይ አቃጠለቻት። በሞተበት ዕለት ጠዋት «ዛሬ ተሽሎኛል፣ ከሥራሽ አትቅሪ» ያላት ባሏ ራሱ ነበር። ተጠርታ ሆስፒታል ስትደርስ አንሶላው ፊቱ ላይ ተስቧል፣ እትዬ አልጋው ራስጌ ቆማለች። «እንዳትገልጡላት! በቁሙ ጥላው ሄዳ አሁን ምን ልታይለት ነው?» ብላ ስትጮህ ነርሱ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። በዚያው ቀረ። ፊቱን ሳታየው ተቀበረ። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ እትዬን ግን እስከ መቃብር ላትምራት ለራሷ ምላለች።

«እትዬ፣ አፍዎን ይዝጉና እግርዎን ያንሱ» አለች።

ሁለት ሰዎች ዞረው አዩአቸው። «በአፍንጫ ብቻ እንተንፍስ፣ ወገኖቼ» አለ አሠልጣኙ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ደረሰ። ከሁለቱም የወጣ የለም።

«አሁን የመጨረሻው ነው። በጀርባችን ተኝተን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ዓይናችንን እንጨፍን። ይህ የሬሳ አተኛኘት ይባላል» አለና አሠልጣኙ መብራቱን ቀነሰው።

ሟርተኛ፣ አለች በሆዷ። እሷ በቁሟ ሬሳ ሆና አትጋደምም። ሰው ሁሉ ሲዘረጋ ተቀምጣ ቀረች።

እትዬ ግን ምንጣፉ ላይ ዘፍ እንዳለች ሁለት ጊዜ ተነፈሰችና እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ቁጣው ከፊቷ ላይ ለቀቀ። አገጯ ወደ ግራ ዘመም፣ የታችኛው ከንፈሯ ወረድ አለ። ግራ ዓይኗ አልገጠመም፤ በስንጥቁ ቀጭን ነጭ ይታያል። ባሏም እንዲህ ነበር የሚተኛው። ግንባሩም ይኸው ግንባር ነው። እህትና ወንድም ይህን ያህል መመሳሰላቸውን እስከ ዛሬ አላወቀችም፤ እትዬን አፏ ሥራ ፈትቶ አይታት አታውቅማ።

ተንበረከከችና ወደ ፊቷ ተጠጋች።

አሠልጣኙ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ መጣ። «እናቴ፣ ቢተኙ ይሻላል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ።»

«ቆይ ልጄ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ልየው።»

መብራቱ እስኪበራ ድረስ አየችው።