የኤልዳና ሰላምታ

አዋጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ሁሉ ከጆሮው ጀርባ ዶቃ ይተከልለት ይላል። ኤልዳና ከተተከለላት ሦስት ወሯ ነው። ሰው ሲያናግራት ዶቃዋ በልጅቷ በራሷ አፍ ትመልሳለች። ማውለቅ አይፈቀድም።

በሩ ሲንኳኳ እናቷ ትርሲት ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ ከፈተች። ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ናቸው።

«ኤልዱዬ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?» አሉ ገና ከደጃፉ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?» አለች ልጅቷ ከውስጥ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

«ተመስገን። አየሽ ጨዋነቷን? ድሮ እኮ ሰላም ስንላት ፊቷን ታዞርብን ነበር።»

ትርሲት ፈገግ አለች። ድሮ ኤልዳና ቃል ባይኖራትም እንጉርጉሮ ነበራት። የካልሲ ስፌት ሲቆረቁራት እንኳ በጉሮሮዋ እምምም ትል ነበር፤ እናቷም የያዘችውን ሥራ ጥላ ትደርስላት ነበር። ዶቃዋ ከገባች ወዲህ ግን ያ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

«የሚያር ነገር ይሸተኛል» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ትርሲት ጨርቁ መስሏት ዞረች። ኤልዳና ካውያው አጠገብ፣ ቆዳው የተላጠ መዳፏን ወደ በሩ ዘርግታ ቆማለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

እናቷ አፋፍሳ ወስዳ መዳፏ ላይ ቧንቧ ለቀቀችበት። «አመመሽ? ንገሪኝ የኔ እናት፣ አመመሽ?»

የልጅቷ ጉሮሮ ተርገበገበ፤ ከታች አንድ ድምፅ ሊወጣ ታገለ። ከዚያ ከንፈሯ በሥርዓት ተከፈተ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»