የስቶል ጠብ

«ስቶል ማለት ጠረጴዛ ነው አልኩህ» ብሎ ባዩ በጓደኛው በደምሰው ላይ ጮኸ። «ሞስኮ አምስት ዓመት በልቼበታለሁ፣ ጽፌበታለሁ።»

ደምሰው ግን የተማረው ሶፊያ ነው። በቡልጋሪያ ቋንቋ ስቶል ወንበር ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ግን አገር ቤት ከተመለሱ ጀምሮ አንዱም ለአንዱ እጅ ሰጥቶ አያውቅም።

«ባለፈው እሁድ በሰው ፊት አላገጥክብኝ። ዛሬ ምነው አፍህ ተያዘ? መልስ እንጂ፣ አንተ ግትር።»

የእድሩ ሰዎች የሬሳ ሳጥኑን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አንደኛው ገባና ባዩን ክንዱን ያዘው። «ጋሽ ባዩ፣ ይበቃል። ለቀብሩ እየረፈደ ነው።»

ባዩ እጁን መንጭቆ አስለቀቀው። የደምሰውን ወንበር ከግድግዳው ሥር ጎትቶ አልጋው አጠገብ አቆመው።

«እሺ፣ ስቶል ወንበር ነው። በል ተነስና ተቀመጥበት።»